ድንኳኑ ከላይ፣ ብስክሌቶቹ ከታች፦ ጎንደር ውስጥ የተሠራ የፒክ አፕ ብስክሌት መጫኛ

በፒክ አፕ መኪና ላይ የጣሪያ ድንኳን የገጠመ ሰው ብስክሌትም ይዞ ለመጓዝ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚቸገረው በቦታ ነው፤ ሌላው ሰው ብስክሌቱን የሚያስርበትን የላይኛውን ቦታ ድንኳኑ ቀድሞ ይዞታልና። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ብየዳ ቤት ለደብል ጋቢና ሀይሉክስ የተሠራልንን የብረት መጫኛ ነው። መጫኛው ድንኳኑን ከኋላው የጭነት ሣጥን በላይ ይሸከማል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት የተራራ ብስክሌቶች የፊት ጎማቸው ወልቆ፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ እንዲጓዙ ያደርጋል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ኮሶዬ፣ ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች፣ እንዲሁም ወደ ጎርጎራ ስንመላለስ በአስፋልትም በኮረኮንችም ስለፈተንነው፣ ተመሳሳይ ነገር ለማሠራት ላሰበ ሰው የሚጠቅም ፍርድ መስጠት እችላለሁ ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ብስክሌቶቹ ከድንኳኑ ሥር፣ በጭነት ሣጥኑ ውስጥ መሆናቸው ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ የተሻለ ነው፤ የብየዳው ሥራም ጠንካራና የሚታመን ነው። የብሎኖቹ አያያዝ፣ የአቧራው መከላከያና ብስክሌቶቹ የሚወርዱበት ቅደም ተከተል ግን እንደ ብየዳው በቂ ሐሳብ አልተሰጣቸውም።

ሌሎቹን አማራጮች የተውንበትን ምክንያት መግለጽ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እነሱን ነውና። በጋቢናው ጣሪያ ላይ ፖርቶ መጋላ አስገጥሞ ብስክሌቱን እዚያ ማሰር በከተማችን የተለመደ ሲሆን ድንኳኑ ከኋላ ሣጥን በላይ ከሆነ ጣሪያው ባዶ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የሀይሉክስ ጣሪያ ከመሬት 1.8 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ በላዩ የቆመ ብስክሌት ሲጨመርበት ጠቅላላ ከፍታው ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። በገጠር መንገድ ዳር ዝቅ ብለው የተዘረጉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፎችን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድንኳኑን በጋቢናው ላይ አድርጎ ሣጥኑን ለብስክሌት መተውም ሌላው ሐሳብ ነው፤ እዚህ ላይ የሚመጣው ጥያቄ የክብደት ነው። የመኪና ጣሪያ መኪናው ቆሞ የሚችለውና እየሄደ የሚችለው ክብደት እኩል አይደለም፤ በጉዞ ላይ የሚፈቀደው በብዙ መኪኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ሲሆን፣ የጣሪያ ድንኳን ብቻውን፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሳይጨመርበት፣ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በኮረኮንች ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር ያ ክብደት እየተባዛ ጣሪያውን ይመታል።

ከመኪናው ኋላ፣ በተጎታች ማያያዣው ላይ የሚሰካው መጫኛ ለአስፋልት መንገድ ምቹ መሆኑን አልክድም። ብስክሌቱ ከወገብ በላይ ሳይነሳ ይጫናል፤ ድንኳኑንም አይነካም። ሆኖም ታርጋውንና የኋላ መብራቱን ይሸፍናል፤ ከመኪናው ጀርባ ወደ ውጭ ስለሚወጣም ጎርፍ የቦረቦረውን ቦይ ሲሻገሩ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ከሁሉ የከፋው አቧራው ነው። መኪና በኮረኮንች ሲሄድ ከጀርባው ያለው አየር አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል፤ እዚያ የተንጠለጠለ ብስክሌት ካቴናውም፣ ማርሹም፣ የሹካው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ክፍል) ዘይት መያዣ ላስቲክም በአቧራ ተለብጦ ይደርሳል። የፊት ጎማውን በኋላው ስፖንዳ (የሣጥኑ መዝጊያ) ላይ አንጠልጥሎ መጫን የሚባለውም መንገድ አለ፤ ድንኳን ለሌለው ፒክ አፕ ይሆናል፣ ድንኳን ላለው ግን መሪው ከድንኳኑ ወለል ጋር ስለሚጋጭ ብዙ ሳንመክርበት አለፍነው።

ስለዚህ የቀረው ሣጥኑ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በሴንቲ ሜትር የሚወሰን ይሆናል። የደብል ጋቢና ሀይሉክስ የጭነት ሣጥን ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የተራራ ብስክሌት ሙሉ ርዝመቱ ከ1.7 እስከ 1.9 ሜትር ስለሚደርስ እንዳለ አይገባም፤ የፊት ጎማው ሲወልቅ ግን ከሹካው ጫፍ እስከ ኋላ ጎማው ጀርባ ያለው ርዝመት ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል። በጥቂቱ ሰያፍ ተደርጎ ሲቆም ስፖንዳው ይዘጋል። ከፍታው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሣጥኑ ወለል እስከ ጋቢናው ጣሪያ ድረስ ያለው ቁመት አንድ ሜትር አይሞላም፣ የብስክሌት መሪ ግን ጎማው ላይ ቆሞ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። የ29 ቁጥር ጎማ ከመሬት እስከ መሃሉ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጎማው ወልቆ የሹካው ጫፍ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ መያዣ ላይ ሲታሰር መሪው 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ኮርቻው እስከ መጨረሻ ሲገፋ እሱም ከዚያ በታች ይሆናል። በዚህ ስሌት ድንኳኑ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር እኩል ሆኖ፣ ብስክሌቶቹም ከሥሩ ሳይነኩት መቆም ይችላሉ።

ብየዳ ቤቱ በመጀመሪያ ያቀረበልን ንድፍ ይህን ስሌት የተከተለ አልነበረም። ብስክሌቱ ከነጎማው እንዲቆም የብረቱን እግሮች ከጋቢናው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ታስቦ ነበር፤ ጎማ ማውለቅና መግጠም አሰልቺ ነው በሚል ነው። አሳቢነታቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ድንኳን በዚያ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ በነፋስ ላይም በጎን በተዘነበለ መንገድ ላይም መኪናውን ያስቸግራል። ከዳባት ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ከጎን የሚመጣውን ነፋስ የቀመሰ ሹፌር ይህን ያውቃል። ዝቅተኛው ንድፍ ይሻላል ብለን ጸናን፤ ዛሬም በዚህ ጉዳይ ሐሳቤ አልተለወጠም። ጎማ ማውለቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከፍታው ግን በጉዞው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

የበለጠ ያከራከረን የመጫኛው አስተሳሰር ነው። የሥራው ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ በአካባቢው ለጭነት መኪና ብዙ ብረት የበየዱ ሰው ናቸው፤ የድንኳኑን መሸከሚያ በሣጥኑም በጋቢናውም ጣሪያ ላይ በብሎን ለማሰር ፈልገው ነበር።

«ልጄ፣ ከጋቢናው ጋር ካላያዝነው ይወዛወዛል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጋቢናውና ሣጥኑ ሻንሲው ላይ የተቀመጡት ለየብቻ ነው፤ መንገዱ ሲጣመም አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ካሰርናቸው ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል ወይ ጣሪያው ይቀደዳል» አልኳቸው።

ወዲያው አልተቀበሉኝም፤ መኪናውን ግን እንድናንቀሳቅስ አዘዙ። የፊተኛውን ግራ ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አወጣነውና በጋቢናውና በሣጥኑ መካከል ባለው ክፍተት ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱ። በአንደኛው ጎን ክፍተቱ ጠብቧል፣ በሌላኛው ጎን ሰፍቷል፤ ሜዳ ላይ ቆሞ እኩል የነበረው ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደጋግመው ካዩ በኋላ ለልጆቹ «ከሣጥኑ ጋር ብቻ ነው የሚታሰረው» ብለው የጋቢናውን መያዣ ከሥራው አወጡት። በግል ዓይኔ ያየሁት የሥራ ጨዋነት ይህ ነው፤ ፈትሾ ሐሳቡን የሚለውጥ ባለሙያ ማግኘት ከብረቱ ጥራት በላይ ዋጋ አለው። ፒክ አፕ ላይ ድንኳን የሚያስገጥም ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ፤ መሸከሚያው ወይ በጋቢናው ላይ ወይ በሣጥኑ ላይ ይሁን፣ ሁለቱን ግን አያያይዝ።

አካሉ የተሠራው ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው። አራት እግሮች በሣጥኑ ከንፈር ላይ ያርፋሉ፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር በሣጥኑ ላሜራ ላይ ወፍራም የብረት ሳህን ከላይም ከታችም ተደርጎ በብሎን ተጠፍንጓል። ይህ ሳህን አስፈላጊ ነው፤ የሣጥኑ ላሜራ ስስ ስለሆነ ብሎን ብቻውን ውሎ አድሮ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። መሸከሚያው ሊችለው የሚገባውን ክብደት ለመገመት መኪናው ቆሞ ሰው ሲተኛበት ማሰብ ይበቃል፤ ድንኳኑ 60 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 140 ኪሎ፣ ፍራሹና ልብሱ ሲጨመር ከ200 ኪሎ ያልፋል። በብየዳው ረገድ ቅሬታ የለብኝም። በየማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ተደርቦበታል፤ የመገጣጠሚያው ብየዳ ዙሪያውን የሞላ ነው፤ ከተበየደ በኋላ ተሞርዶ የዝገት መከላከያ ቀለም ከተቀባ ወዲህ እስካሁን የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ አላየሁም።

የሹካው መያዣ በጣም ያስደሰተኝ ክፍል ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የብስክሌት የፊት ጎማ መሃል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቆዩትና ርካሾቹ ብስክሌቶች የሹካቸው ጫፍ ክፍት ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል፣ በሹካው ሁለት እግሮች መካከል ያለው ስፋትም 100 ሚሊ ሜትር ነው። አዳዲሶቹ የተራራ ብስክሌቶች ግን ጫፋቸው ዝግ ሆኖ 15 ሚሊ ሜትር ዘንግ በውስጡ የሚያልፍበት ሲሆን ስፋታቸው 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር ነው። የወንድሜ ብስክሌት የመጀመሪያው ዓይነት፣ የእኔ ደግሞ ባለ 110 ነው። በገበያ የሚሸጡት መያዣዎች ለአንዱ ከሆኑ ለሌላው ስለማይሆኑ፣ ብየዳ ቤቱ ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን በልክ ወደሚቀረጽበት) ልኮ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች አስቆረጠልን፤ አንዱ ልክ 100፣ ሌላው ልክ 110 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ቱቦዎቹ በወለሉ ላይ በተዘረጋ ቱቦላሬ ላይ ተበይደዋል፤ ሹካው ቱቦውን በሁለት እግሩ አቅፎ ይቀመጥና የራሱ የብስክሌቱ ዘንግ በቱቦው ውስጥ አልፎ ይጠብቃል። ልኩ ትክክል ስለሆነ ሹካው ወደ ጎን አይንገጫገጭም። ቱቦው በ1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያጥር ዘንጉ ሲጠብቅ የሹካውን እግሮች ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ በመጋዝና በዓይን ግምት ከሚሠራ ሰው ይልቅ ቶርኖ ላለው ሰው መስጠት ተገቢ ነው።

ሁለቱ ብስክሌቶች ፊታቸውን በተቃራኒ አዙረው ይቆማሉ፤ አንዱ ወደ ጋቢናው፣ ሌላው ወደ ስፖንዳው። የተራራ ብስክሌት መሪ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ቢዞሩ መሪዎቹ ይጋጫሉ። የኋላ ጎማዎቹ በጭነት ቀበቶ ከወለሉ ጋር ይጠፈነጋሉ። የአንዱ ፔዳል የሌላውን ብረት እንዳይፍቅ አሮጌ የውስጥ ጎማ ቆርጠን ጠቀለልንበት፤ ይህ ምንም ወጪ የሌለውና በጎሚስታው ደጃፍ ተጥሎ የሚገኝ ነገር ነው።

የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት የፊት ጎማው ወልቆ ሲጓዝ መደረግ ያለበት አንድ ጥንቃቄ አለ። ጎማው በሌለበት መሪው ላይ ያለው የፍሬን እጀታ ባጋጣሚ ከተጨበጠ ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች ተቀራርበው ይቀራሉ፣ ዲስኩም ተመልሶ አይገባም። በመሃላቸው የዲስኩን ያህል ውፍረት ያለው የታጠፈ ካርቶን ማስገባት በቂ ነው። የወለቁት የፊት ጎማዎች ደግሞ በብርድ ልብስ ተለይተው ከጋቢናው ጀርባ ይቆማሉ፤ ዲስካቸው ወደ ውጭ ሳይሆን እርስ በርስ ፊት ለፊት መሆን አለበት፣ ዕቃ እንዳይጫነውና እንዳይጣመም።

መጫኛውን በደንብ የሚያሳየው መንገድ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደው ነው። ከጎንደር በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ ድረስ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ በዚህ ሁሉ መንገድ መጫኛው ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ድንኳኑ ከጋቢናው ጣሪያ ጋር እኩል ስለሆነ ነፋሱም ብዙ አላስቸገረንም። ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የመግቢያ ክፍያው፣ መንገድ መሪውና ስካውቱ (አጃቢ ጠባቂው) እዚያ ይጨረሳሉ። ብስክሌት ይዞ ለሚመጣ ሰው የምመክረው የሚነዳበትን መንገድ እዚያው አስታውቆ መነሳትን ነው። ከተማውን እንደለቀቁ ኮረኮንቹ ይጀምራል፤ የፓርኩ የድንኳን መስፈሪያዎች ወደሆኑት፣ በ3,250 ሜትር ላይ ወዳለው ሳንካበርና በ3,620 ሜትር ላይ ወዳለው ጨነቅ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ነው የብሎኖቹ ድክመት የወጣው። ሳንካበር ደርሰን መጫኛውን ስንፈትሽ የድንኳኑን ሐዲድ ከመሸከሚያው ጋር ከያዙት ብሎኖች ጥቂቶቹ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘናቸው። ብሎኖቹ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሲሆኑ የተጠቀሙት ተራ ዳዶና ተራ ሮንዴላ ነበር፤ በተከታታይ ንዝረት ውስጥ ተራ ዳዶ መላላቱ የታወቀ ነው። ብየዳ ቤቱ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት፤ ለጭነት መኪና ሲሠራ ተራውን እንደማይጠቀም እናውቃለንና። ስንመለስ ጉዳዩን ነግረናቸው ሁሉንም ውስጡ ናይለን ባለው ዳዶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየሩልን፤ ከዚያ ወዲህ አልላሉም። ያም ሆኖ ቁጥር 13 ቁልፍ ከጋቢናው ውስጥ አይለየን፤ አስፋልት ባበቃበትና ኮረኮንች ባበቃበት ቦታ ሁሉ ወርዶ መፈተሽ ልማድ መሆን አለበት።

አቧራውን በሚመለከት፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለ ብስክሌት ከኋላ ከተንጠለጠለው እጅግ ይሻላል ማለት ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል ማለት አይደለም። የመጫኛው ጎኖች ክፍት ናቸው፤ በስፖንዳው ዙሪያ ባለው ክፍተትም አቧራ ይገባል። ሲሠራ ጀምሮ በእግሮቹ ላይ ሸራ የሚታሰርባቸው ቀለበቶች ቢበየዱ ኖሮ ነገሩ በቀላሉ ያልቅ ነበር። እኛ በኋላ ሸራ አሰፍተን በሦስቱ ጎኖች አንጠለጠልነው፤ ቀለበት ስለሌለ በቱቦላሬው ላይ በገመድ እየጠመጠምን ነው የምናስረው። ሥራውን ይሠራል፤ ለማሰርና ለመፍታት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ካቴናውን ከጉዞ በፊት ዘይት አለመቀባት ይበጃል፤ ዘይት አቧራን ይይዛልና ከደረሱ በኋላ ጠርጎ መቀባት የተሻለ ነው።

ድንኳኑ የሚከፈትበትን አቅጣጫ መምረጥ ከመጫኛው ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ነገር ነው። የእኛ ድንኳን ተጣጥፎ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ ሲከፈት ግማሹ ከመኪናው ውጭ ይወጣና በመሰላሉ ይደገፋል። ወደ ኋላ እንዲከፈት ቢገጠም ኖሮ መሰላሉ በስፖንዳው ፊት ስለሚወርድ፣ ሰው ከተኛ በኋላ ብስክሌት ማውጣትም ማስገባትም አይቻልም ነበር። ወደ ቀኝ ጎን እንዲከፈት አድርገን ስላስገጠምነው ስፖንዳው ሌሊትም ቀንም ነፃ ነው፤ የወጣው ግማሽ ደግሞ ከሥሩ ጥሩ ጥላ ይሠራል። ጨነቅ ላይ ጠዋት ጀበናው በዚያ ጥላ ሥር ሲጣድ ወንድሜ እዚያው የፊት ጎማዎቹን ገጥሞ ይጨርሳል። በጨነቅ ከፍታ፣ በተለይ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ፣ ብስክሌቱን ከጤዛና ከውርጭ የሚከልለው የድንኳኑ ወለል መሆኑም ሌላው ጥቅም ነው። ለደኅንነቱ ሰንሰለት በሁለቱ ብስክሌቶችና በቱቦላሬው መሃል አሳልፈን እንቆልፋለን፤ ከላያቸው ተኝቶ የሚነካካቸውን ሰው አለመስማት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይመጣል። ወደ ኋላ የዞረው ብስክሌት መያዣ ከስፖንዳው በጣም ስለቀረበ፣ እሱን ሳያወርዱ ወደ ሌላው መድረስ አይቻልም። ሁለት ሰው አብሮ ሲወጣ አይታወቅም፤ አንዱ ብቻውን ጠዋት በማለዳ መውጣት ሲፈልግ ግን የተኛውን ሰው ብስክሌት አውርዶ፣ የራሱን አውጥቶ፣ ያንን መልሶ መጫን አለበት። መያዣው የተበየደበት ብረት በብሎን ተፈትቶ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ቢሠራ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለማሠራት ቀጠሮ ይዘናል።

ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። ከአዘዞ ወጥቶ በቆላ ድባ በኩል ሲወረድ ከ2,100 ሜትር በላይ ካለው የጎንደር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር አካባቢ ወዳለው ወደ ጣና ዳርቻ ስለሚደረስ፣ ለብስክሌተኛ ከዚህ የተመቸ አቅጣጫ የለም፤ አንዱ መኪናውን ይነዳል፣ ሌላው በብስክሌት ይወርዳል። ነገር ግን የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። ዝናብ የነካው እንደሆነ በእርሻ መንገዶቹ ላይ ጭቃው እንደ ሊጥ በጎማው ላይ ይጠቀለልና በሹካው መሃል ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር ያቆማል። ጭቃ የያዘ ብስክሌት ወደ ሣጥኑ ሲመለስ የሹካውን ጫፍና የመያዣውን ቱቦ ሳያጸዱ ዘንጉን ማጥበቅ አይገባም፤ በመሃሉ የቀረች ጠጠር ሹካውን ትፈቅዋለች፣ ዘንጉም ጠብቆ የያዘ እየመሰለ ሳይይዝ ይቀራል። ውሃ የሞላ ጀሪካንና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዞ መጓዝ ይህን ይፈታል። በሣጥኑ ወለል ላይ ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ በመያዣው ብረት አለመደፈኑን ለብየዳ ቤቱ ማመስገኛ አድርጌ እጠቅሳለሁ፤ ሣጥኑን በጀሪካን አጥቦ መልቀቅ ይቻላል።

የመኪናው አነዳድ ብዙም አልተለወጠም። መጫኛው፣ ድንኳኑና ሁለቱ ብስክሌቶች ተደምረው ሀይሉክስ ሊሸከም ከሚችለው ክብደት ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው፤ ባሌስትራው አልተኛም። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ስላለ ግን በኩርባ ላይ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው፤ ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ለመውረድ ያሰበ ሰው ይህን በተለይ ልብ ይበል። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያ ከሚመጡ ሹፌሮች መጠየቅም ከብሎን ፍተሻው እኩል የጉዞው ዝግጅት አካል ነው።

ዋጋን በሚመለከት የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እኛ የከፈልነውን መጥቀስ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። ቱቦላሬውን፣ ላሜራውንና ብሎኑን ራሳችን ገዝተን ለእጅ ሥራው ብቻ ተዋዋልን፤ ይህም የብረቱን ውፍረት ራሳችን እንድንመርጥ አስችሎናል። የቶርኖው ሥራ ለብቻው ተከፍሏል። መብራት በጠፋባቸው ቀናት ሥራው ስለቆመ ከቀጠሮው ዘግይቶ ተረክበናል፤ ስለዚህ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ጉዞ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ ማዘዝ ይኖርበታል። ሲያዙ ብስክሌቶቹንም ድንኳኑንም ይዞ መሄድ አስፈላጊ ነው፤ በወረቀት ላይ በተጻፈ ልክ ብቻ የተሠራ መያዣ መገጣጠሙን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ናይለን ያለው ዳዶ፣ የሸራ ቀለበትና ተንሸራታች መያዣ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ይግቡ።

መጫኛው ለሁሉም አይሆንም። ሦስትና ከዚያ በላይ ብስክሌት ላለው ቤተሰብ ሣጥኑ ይጠባል፤ የልጆች ብስክሌት ግን ጎማው ሳይወልቅ በመሃላቸው ሊገባ ይችላል፣ ሞክረነዋል። ባትሪ ያለው ብስክሌት ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አንስቶ ከስፖንዳው በላይ ማስገባት ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ስፖንዳው ላይ የሚጋደም ጠፍጣፋ ላሜራ ማሠራት ያስፈልጋል። የሹካው እግሮች ከካርቦን የተሠሩ ከሆኑ ደግሞ ቱቦው ከሹካው ጋር በሚገናኝበት በሁለቱም ጫፍ ስስ የጎማ ሮንዴላ ይግባበት፤ ቶርኖ ቤቱም ያንን ውፍረት ከቱቦው ርዝመት ላይ ቀንሶ ይቁረጠው።